ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ ለሚሠራና ቅዳሜ ለሚወዳደር፣ የትኛዋ ማኑዋል መኪና ትሻላለች?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ ማታ እወጣለሁ። ማኑዋል መኪና ልገዛ ነው። ፈጣን እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ ዋጋዋ ግን ከአቅሜ እንዳይወጣ። ከጓደኞቼ ጋር ሜዳ ላይ ኮን ደርድረን በሰዓት መወዳደር ጀምረናል። ሁለት መኪና መያዝ ስለማልችል አንዷ ለሁለቱም ትሁነኝ። ጓደኞቼ ትልቅ ሞተር ያላት ግዛ ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድማለም፣ አብሽር። ለሁለቱም የምትሆን መኪና አለች። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱ ይከተላል። 1.3 ሊትር ማኑዋል ያሪስ ፈልግ። ሞተሯ ጤነኛ፣ መሪዋ ከፋብሪካ በግራ የወጣ ይሁን። 1.5 ሊትሯን ካገኘህ እሰየው። ለትልቅ ሞተር ልትጨምር ያሰብከውን ብር ደግሞ ጎማና ፍሬን ላይ አውለው።

የጓደኞችህ ምክር ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ረስቷል። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ነው የሚስበው። አየሩ ሲሳሳ የሚያቃጥለው ነዳጅ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው 110 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደሴ ፒያሳ ላይ ሲነሳ 80 አካባቢ ነው ያለው። ኮምቦልቻ ስትወርድ ትንሽ ይመለስልሃል፤ እዚያም ቢሆን አንድ አምስተኛው የለም።

ጉልበት እንዲህ ከቀነሰ የማይቀንሰውን ነገር ማየት ነው። ክብደት ደሴም ጅቡቲም ያው ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ያሪስ 1.3 ሞተር 87 ፈረስ ጉልበት አለው፤ መኪናዋ ከ950 ኪሎ ብዙም አትርቅም። ከ2001 እስከ 2007 (በፈረንጅ) የወጣችው ኮሮላ 1.6 ሞተር 110 ፈረስ ጉልበት ሲኖረው መኪናዋ ከ1,150 እስከ 1,200 ኪሎ ትመዝናለች። ጉልበቱን ለክብደቱ ብታካፍለው ሁለቱ መሳ ለመሳ ናቸው። ታዲያ መታጠፊያ ላይና ፍሬን ስትይዝ ያ ሁሉ 200 ኪሎ ልዩነት ለያሪሷ ያደላል። ኮን መሀል ስትጠማዘዝ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ነው ሥራህ። ሦስተኛን እንኳ አልፎ አልፎ ነው የምትነካው። እዚያ ሰዓት የምታተርፈው ቶሎ ቆመህ ቶሎ በመዞር ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ይህንን በደንብ አሳይቶናል። በ1974 (በፈረንጅ) ጆጊንደር ሲንግ ያሸነፈው በሚትሱቢሺ ላንሰር 1600 ነው። ከኋላው ያስቀራት ፖርሽ 911 ነበረች። ጭቃና ኮረኮንች ላይ ቀላልና ጠንካራ መኪና እንዲህ ታደርጋለች። አገራችን መንገዷ ከዚያ የተለየ አይደለም።

ሌሎቹን አማራጮችም ልይልህ።

ከላይ ያልኳት ኮሮላ ጥሩ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ለረጅም መንገድ ከያሪስ ትሻላለች። ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የ1.4 እና የ1.6 ሞተሮች ዘይት የመብላት በሽታ አለባቸው። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ይያዛል። ውድድር ላይ ሞተሩን እስከ ላይ ስታስጮኸው ይብሳል።

ዲኤክስ ኮሮላን ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። የሚነዳት የኋላ እግሯ ነው፣ ቀላል ናት፣ መለዋወጫዋ ደግሞ የትም አለ። መኪና መቆጣጠርን እንደ እሷ የምታስተምር የለችም፤ ኋላዋ ሲንሸራተት በመሪና በነዳጅ ማረም ትማራለህ። ሁለተኛ መኪና የምትይዝ ብትሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ ዲኤክስ እልህ ነበር። ለዕለት ግን አትሆንህም። ካርቡራተሯ ኮምቦልቻ ላይ ከተስተካከለ ደሴ ላይ ነዳጅ ይበዛባታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጭሷም ይጠቁራል። ደሴ ላይ ካስተካከልካት ደግሞ ቆላ ስትወርድ ነዳጅ ያንሳታል፣ ሞተሩ ይግላል። አንተ በየቀኑ ከ600 ሜትር በላይ የምትወርድና የምትወጣ ሰው ነህ። በኢንጀክሽን የምትሠራ መኪና አየሩን ለክታ ነዳጁን ራሷ ታስተካክላለች። በዚያ ላይ አርባ ዓመት ያለፈው ቆርቆሮ ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ሳስብ በየቀኑ ሀረጎ ላይ እንድታውላት አልደፍርም።

ስዊፍት ስፖርት ብታገኝ፣ 1.6 ሞተሯ 125 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቷ አንድ ቶን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ናት። ግን እኛ ጋ ብርቅ ናት፤ የማርሽ ሳጥኗ ወይም የፊት እግሯ ሲጎዳ መለዋወጫው ያንከራትትሃል። ተራዋ ስዊፍት 1.3 ወይም 1.5 ማኑዋል ግን ከያሪስ ጋር ትፎካከራለች። መሪዋ እንዲያውም ይበልጥ ይጣፍጣል። ጤነኛዋ ከፊትህ ከቆመችና ያሪስ ካጣህ ሳታመነታ ውሰዳት። አዲስ አበባን የሞላችው ዲዛየርም፣ ከ2017 ወዲህ ያለችው፣ ከ900 ኪሎ በታች ናት። ማኑዋሏ ከምትገምተው በላይ ትነሳለች፤ ችግሯ ዋጋዋ ነው።

ጀርመን መኪና አትንካ። ጥሩ መኪና ሳትሆን ቀርታ አይደለም፤ አንድ ሴንሰር ሲቃጠል ሁለት ሳምንት በእግርህ ትሄዳለህ። ቱርቦ ያላቸውም ከፍታ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው መቆየታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያረጀ ቱርቦ ማስጠገን የዚህችን ትንሽ መኪና ዋጋ እየቆረሰ ይበላል።

አሁን ገበያው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ የምትገዛት መኪና አገር ውስጥ የዋለች ናት። ማኑዋል ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና አይታሰብም። ስለዚህ ዓመተ ምርቷን ከመቁጠር ጤናዋን መመርመር ይበልጣል። ደላላ «ሞተሯ አልተነካም» ሲል አመስግነውና ራስህ ፈትሽ።

መጀመሪያ መሪውን። ብዙ ቪትዝ (ያሪስ በጃፓን ስሟ) ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥታ በኋላ ወደ ግራ የተዛወረች ናት። ኮፋኖውን ክፈትና የፍሬን ሰርቮው (ፔዳሉን የሚያግዘው ክብ ጣሳ) የተቀመጠበትን ቆርቆሮ በባትሪ አብራው። የፋብሪካ ብየዳ ነጥብ ነጥብ ሆኖ እኩል ርቀት ይዞ ይታያል። በእጅ የተበየደ ወፍራም ስፌት፣ ከሌላው የተለየ ቀለም፣ ወይም በስቱኮ የተሸፈነ ነገር ካየህ ተዋት። አንተ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ላይ ዓይንህን ተክለህ ሳለ ሌላ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥልህ። ቆርቆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ያቺ መኪና ለውድድር ቀርቶ ለገበያም አትሆንም።

ቀጥሎ ሀረጎ ራሱ ይመርምርልህ። ሻጩ ደሴ ሆነም ኮምቦልቻ፣ ሙከራውን እዚያ መንገድ ላይ እንዲሆን ለምነው። አንድ የምታምነው ሰው በሌላ መኪና ከኋላ ይከተልህ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ እግርህን ከነዳጁ አንስተህ ውረድ። የማርሽ ዘንጉ በራሱ ተስፈንጥሮ ወደ ባዶ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቋል። ዝም ካለ ጥሩ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅና መንገዱ ሲስተካከል ነዳጁን ጠበቅ አድርገህ ርገጥ። በዚህች ቅጽበት ከኋላ ያለው ሰው ጭሱን ይይ። በቁልቁለት ነዳጅ ሲዘጋ ሞተሩ ውስጥ ኃይለኛ መሳብ ይፈጠራል፤ የቫልቩ ጎሚኒ ካረጀ ዘይቱ በዚያ በኩል እየተሳበ ይገባል። ነዳጅ ስትሰጥ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ብትነዳት ግን ይህ በሽታ ተደብቆ ይቀራል። ጎሚኒው ብቻ ከሆነ ይሠራል፤ ዋጋ ትደራደርበታለህ። ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻ ነው፤ ያ ሌላ ወጪ ነው።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ቁምና በየጎማው ዞር ዞር በል። መዳፍህን ወደ ቸርኬው አስጠጋ፤ አትንካው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መሞቅ አለባቸው። አንደኛው ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ የዚያኛው ፍሬን ተጣብቋል ማለት ነው።

ስትመለስ ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ፈትን። ፍጥነትህ ዝቅ ብሎ በአራተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ርገጥ። ሞተሩ እያቃሰተ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናዋ ግን ካልተከተለችው ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ የሚፋጭ ድምፅ ከሰማህም ማርሹን ያለ ፍጭት የሚያስገባው ሲንክሮናይዘር ተበልቷል። ኮን መሀል ይህንን ማርሽ በየመታጠፊያው ነው የምትጠቀምበት፤ ስለዚህ ችላ አትበለው።

ከዚያ ጋራዥ ወስደህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) አስለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለኪያው የሚያነበው ሞተሩ የሳበውን አየር ጨምቆ ነው። የሳሳ አየር ከሳበ ቁጥሩም ያንሳል። የፋብሪካው መጽሐፍ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ቢል፣ ደሴ ላይ 150 አካባቢ ማንበብ ጤና ነው። ይህንን ባለማወቅ ደህና ሞተር ሬቲፊካ ሲገባ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው ዋናው። ከ15 ፒኤስአይ በላይ ከተራራቁ አንድ ነገር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጉራኒሲዮን ነው። ሲለካ ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ የነዳጁም ፔዳል እስከ ታች የተረገጠ ይሁን።

ከገዛህ በኋላ መጀመሪያ የምትነካው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት የሚፈላው 230 ዲግሪ ላይ ሲሆን እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ሀረጎን ፍሬን እየረገጥክ ብትወርድ የፊት ዲስኩ ይህንን ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሌላም ዓይነት አለ፦ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን አትቆምም። ያኛው ሸራው ግሎ ነው። ሁለቱን ለይተህ እወቃቸው፤ መድኃኒታቸው ይለያያል። አንተ የገዛሃትን ዕለት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጥተህ በታሸገ ዶት 4 አስለውጥ፤ በየዓመቱም ድገመው። ሸራ ላይ ርካሽ አትፈልግ። ስትወርድ ደግሞ ማርሽ ይያዝልህ፤ የወጣህበት ማርሽ የመውረጃህም ማርሽ ይሁን። ለዚህ መንገድ ማኑዋል መምረጥህን ከልቤ የምደግፈው ስለዚህ ነው።

ጎማ ቀጥሎ ይመጣል። ያሪሷ በአብዛኛው 175/65 ባለ 14 ጎማ ነው የምታደርገው። 185/60 ባለ 14 ብታደርግላት ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ መሬት የሚነካው ስፋት ግን ይጨምራል። ጎማ ስትገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 (በፈረንጅ) በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን የደረቀ ጎማ በደሴ ጭጋግና ዝናብ ይከዳሃል። ሱቅ ውስጥ ቆይቶ ያረጀውንም አዲስ ነው ብለው ይሸጡልሃል።

ለኮን ውድድር የፊቱን ጎማ ከወትሮው 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ጨምርለት። ከዚያ የጎማውን ጠርዝ፣ ጥርሱ አልቆ ጎኑ የሚጀምርበትን ቦታ፣ በጠመኔ አስምርበት። አንድ ዙር ነድተህ ተመለስና እይ። ጠመኔው ጎኑ ድረስ ከጠፋ ጎማው ታጥፎ ነው የሚዞረው፤ ነፋስ ጨምር። ጥርሱ ጠርዝ ላይ ጭራሽ ካልነካው በዝቷል፤ ቀንስ። ኋላዋ አልዞር ካለችህ ደግሞ የኋላውን ትንሽ ከፍ አድርገው። ከብዙ ውድ ዕቃ ይልቅ ይህ ሰዓትህን ያሻሽለዋል። ወደ ቤት ስትመለስ ነፋሱን ወደነበረበት መልስ።

ራዲያተሩንም አትርሳ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ ባያቆየው ኖሮ ሞተሩ በተለመደው ሙቀቱ ላይ ሆኖ ውሃው ይፈላ ነበር። የክዳኑ ላስቲክ ሲላላ ዳገቱ ላይ ትሞቃለች፤ ሰውም ተርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። ይህ መድኃኒት አይደለም። ክዳኑን ቀይር፣ ተርሞስታቱን በቦታው አኑር።

ስፕሪንግ አስቆርጠህ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ የሚሉህን አትስማ። የተቆረጠ ስፕሪንግ ኮረኮንች ላይ ከቦታው ይዘላል፤ አሞርዛተሩም ወለሉን እየመታ ያልቃል። ማርሚታ ማውለቅም ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ይልቅ የውድድር ቀን ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩንና የኋላ ወንበሩን አውርድ፤ በነፃ ያገኘኸው ጉልበት ነው። ሄልሜት ግዛ፤ የሞተር ሳይክልም ቢሆን ከባዶ ራስ ይሻላል።

ሀረጎ ላይ ሰዓት አትያዝ። መንገዱ ያምራል፣ መታጠፊያው ያጓጓል፣ ገብቶኛል። ግን ያ ኩርባ ሲገለጥ ማዶ ፍሬኑ የከዳው ከባድ መኪና ወይም መንገድ የሚያቋርጥ በግ ከነእረኛው ሊኖር ይችላል። አንተ ሙሉ ቀን የምትለማመድበት መንገድ የሌላ ሰው ቤት መግቢያ ነው። ውድድር አጥር ባለውና ተመልካቹ ራቅ ብሎ በቆመበት ሜዳ ብቻ ይሁን። ኢንሹራንስህም ብዙውን ጊዜ ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፤ ውሉን ሳትፈርም ጠይቅ።

ብር ከመክፈልህ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያይ። ሞተር የተቀየረላት መኪና ብዙ ናት፤ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ስታዛውር ጣጣ ይሆንብሃል። ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ አጣራ። ያገኘሃትን መኪና ሞዴልና ዓመተ ምርት፣ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የተለካውም ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ ጻፍልኝ። አይቼ ትገዛ አትገዛ እልሃለሁ።